የካፌና የሬስቶራንት ሠራተኛ ልቡ ሥራው ላይ እንዲሆን፦ ከደሞዝ ቀን እስከ ሥራ ልምድ ወረቀት

በአዲስ አበባ ካፌ ወይም ሬስቶራንት የሚያስተዳድሩ ሰዎች ምሬታቸው ተመሳሳይ ነው። ባሪስታው እጁ ሲፈታ ሌላ ቤት ይወስደዋል። አስተናጋጇ ደሞዟን በተቀበለች ማግሥት ስልኳን ትዘጋለች። የቀሩትም ደንበኛ ሲገባ ቀና ብለው አያዩም። መፍትሔ ተብሎ የሚሞከረው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሠራተኛውን ሰብስቦ መምከር፣ ቲሸርት ማሠራት ወይም በዓመት አንድ ቀን ቢሾፍቱ ይዞ መውረድ ነው። ይህ ሁሉ ክፋት የለውም፤ የሚጠቅመው ግን መሠረቱ ከተስተካከለ በኋላ ነው።

መሠረቱ ሠራተኛው ነገውን መገመት መቻሉ ነው። ደሞዙ በየትኛው ቀን እንደሚገባ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ጠዋት ይግባ ማታ፣ ቲፑ በምን ሒሳብ እንደተካፈለ፣ ዛሬ ሰሃን የሚያጥብ ሰው ከዓመት በኋላ ምን ላይ ሊደርስ እንደሚችል ካላወቀ፣ ምንም ያህል ቢመከር ዓይኑ ውጭ ውጭ ያያል። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ከ10 እስከ 30 ሠራተኛ ላለው ቤት የተዘጋጀ ነው።

መጀመሪያ የሄዱትን ይመዝግቡ

አንድ ደብተር ያውጡና ባለፉት 12 ወራት የለቀቁትን ሁሉ ይጻፉ፦ የሥራ መደብ፣ የገቡበት ቀን፣ የወጡበት ቀን፣ ይሠሩበት የነበረው ሽፍት፣ የቅርብ ሱፐርቫይዘራቸው ማን እንደነበረ። የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ ብዙ ነገር ይናገራል። አብዛኞቹ የሙከራ ጊዜያቸውን ሳይጨርሱ ከሄዱ ችግሩ አቀጣጠሩና ሥልጠናው ላይ ነው። ስድስት ወር፣ አንድ ዓመት ቆይተው ከሄዱ የደሞዝና የእድገት ጉዳይ ነው። ከአንድ ሱፐርቫይዘር ሥር ብቻ ከሄዱ ደግሞ ችግሩ ሰውየው ነው፤ ዘመድ ቢሆንም እንኳ። ዘመድን ያለ ሙያው ሱፐርቫይዘር አድርጎ መሾም የሌላውን ሠራተኛ ተስፋ የሚዘጋ ነገር መሆኑን ብዙ ባለቤት አያስተውለውም። ሁሉም ሰው እላይ ያለው ወንበር የተያዘ መሆኑን አይቶ መውጫውን ይፈልጋል።

ደሞዝ፦ ቀኑና ወረቀቱ

የደሞዝ ቀን ይቁረጡ፤ ለምሳሌ ወር በገባ በ30ኛው ቀን። ቀኑ እሑድ ወይም በዓል ላይ ከዋለ ቀደም ብሎ ባለው የሥራ ቀን ይከፈል። የቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው ለአከራዩ ቀን ቆርጦለታል፤ እርስዎ ሦስት ቀን ሲያዘገዩ እሱ ሦስት ቀን ፊቱን ይሸሽጋል። ገንዘብ የሚያጥርበት ወር ከመጣ ደግሞ ከደሞዙ ቀን በፊት ስንት እንደሚከፈልና ቀሪው በየትኛው ቀን እንደሚገባ ይናገሩ። መዘግየቱ ራሱ የሚያደርሰው ጉዳት አለ፤ ዝምታው ግን ይበልጣል።

በየወሩ ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የክፍያ ወረቀት ይስጡ። ዋና ደሞዝ፣ የትርፍ ሰዓት፣ የሥራ ግብር፣ ከሠራተኛው የሚቆረጠው 7 በመቶ ጡረታ፣ የተወሰደ ቅድመ ክፍያ ካለ እሱ፣ በመጨረሻ በእጅ የሚደርሰው። ድርጅቱ በበኩሉ የሚከፍለውን 11 በመቶም ከታች ይጻፉበት፤ ሠራተኛው ለእሱ እየተቀመጠ ያለ መሆኑን ብዙ ጊዜ አያውቅም። ሲቀጥሩም ደሞዙ የተጣራ ይሁን ያልተጣራ በጽሑፍ ይግለጹ። «6 ሺህ ብር ተብዬ ነበር» የሚለው የመጀመሪያው ወር ቅሬታ የሚመጣው ከዚህ ነው።

የትርፍ ሰዓት ሒሳብ ሠራተኛው ራሱ ሊያሰላው በሚችል መንገድ ይለጠፍ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። በወር ሲመታ 208 ሰዓት ይሆናል። 6,000 ብር የሚከፈለው ባሪስታ የአንድ ሰዓት ዋጋው 28.85 ብር ነው። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ የሠራው ትርፍ ሰዓት በ1.5 ተባዝቶ 43.27 ብር፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ያለው በ1.75 ተባዝቶ 50.48 ብር፣ በሳምንት ዕረፍቱ ቀን የሠራው በ2 ተባዝቶ 57.69 ብር፣ በሕዝብ በዓል ቀን የሠራው ትርፍ ሰዓት በ2.5 ተባዝቶ 72.12 ብር ይሆናል። አዋጁ ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥም ይከለክላል። ሰዓቱ የሚመዘገበው በዕለቱ ነው፤ ሱፐርቫይዘሩም ሠራተኛውም ይፈርሙበት። በወሩ መጨረሻ «ስንት ቀን ነበር ያመሸኸው?» ብሎ መጠየቅ ጭቅጭቅ ነው።

የደሞዝ ጭማሪም የታወቀ ጊዜ ይኑረው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለምሳሌ በጥርና በሐምሌ። የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲተመን ከተወሰነበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ የዘይቱም የታክሲውም ዋጋ ሲንቀሳቀስ ደሞዙ ባለበት የቆመ ሰው፣ ባይናገርም፣ በየወሩ እየተቀነሰበት መሆኑን ያውቀዋል። መጨመር ካልቻሉ በተቆረጠው ወር ተቀምጠው አለመቻልዎን፣ ምክንያቱንና ቀጣዩን ቀን ይናገሩ።

ስብራትና የጎደለ ሒሳብ

ከደሞዝ መቁረጥ በዚህ ሙያ ትልቁ ቁስል ነው። ብርጭቆ ተሰበረ ተቆረጠ፤ ደንበኛ ሳይከፍል ሄደ ተቆረጠ። ሕጉ ከደሞዝ መቁረጥ የሚፈቅደው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም በሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ሲሆን፣ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠውም ከወር ደሞዙ ሲሶ መብለጥ የለበትም።

የተሻለው መንገድ ስብራትን እንደ ጋዝና ሳሙና የቤቱ ወጪ አድርጎ መያዝ ነው። ለምሳሌ በወር 1,500 ብር የስብራት በጀት ይመድቡ። በወሩ መጨረሻ ከተረፈ ትርፉ ለአስተናጋጆችና ለዕቃ አጣቢዎች እኩል ይካፈል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ይበላሻል፦ ሰው ትርፉን ፈልጎ የተሰበረውን መደበቅ ይጀምራል። ስለዚህ በሪፖርት ብቻ አይመኑ፤ በየ15 ቀኑ ብርጭቆ፣ ሲኒና ሰሃን ይቆጠር፤ ቆጠራውን ከወጥ ቤት አንድ፣ ከአዳራሽ አንድ ሰው አብረው ያድርጉት። ሳይከፍል የሄደን ደንበኛ በተመለከተ ደግሞ ጠረጴዛዎችን ይከፋፍሉ። ለአንድ አስተናጋጅ ከ6 እስከ 8 ጠረጴዛ ሲሰጥ ማን ምን እንዳዘዘ ያያል፤ 15 ጠረጴዛ ሰጥቶ ያመለጠውን ማስከፈል ግፍ ነው።

ቲፕ

በካፌ ውስጥ ከደሞዝ ይልቅ የሚያጣላው ቲፕ ነው፤ ምክንያቱም በየቀኑ የሚታይ ገንዘብ ነው። አሁን ደግሞ ግማሹ በቴሌብርና በባንክ ዝውውር በአስተናጋጁ የግል ስልክ ስለሚገባ ወጥ ቤቱ «ተደብቆብናል» ብሎ ይጠረጥራል። ሁለት ነገር ያስፈልጋል፦ የታወቀ የመካፈያ ነጥብና ሁሉም የሚያየው ደብተር።

በነጥብ ማካፈል እንዲህ ነው። አስተናጋጅ 10፣ ባሪስታ 8፣ ወጥ ቤት 6፣ ዕቃ አጣቢና ጽዳት 4 ነጥብ ይያዝላቸው እንበል። በአንድ ሽፍት 4 አስተናጋጅ፣ 1 ባሪስታ፣ 3 የወጥ ቤት ሰው፣ 1 ዕቃ አጣቢና 1 የጽዳት ሠራተኛ ካሉ ድምሩ 74 ነጥብ ነው። የዕለቱ ቲፕ 1,840 ብር ከሆነ የአንድ ነጥብ ዋጋ 24.86 ብር ይመጣል። አስተናጋጅ 248፣ ባሪስታ 198፣ ወጥ ቤት 149፣ ዕቃ አጣቢና ጽዳት 99 ብር ገደማ ይደርሳቸዋል። ግማሽ ሽፍት የሠራ ግማሽ ነጥብ ይይዛል። በስልክ ለሚገባው አንድ የጋራ የቲፕ ቁጥር በየጠረጴዛው ይለጠፍ፤ የዕለቱን ድምር ሁለት የተመረጡ ሠራተኞች ቆጥረው ይፈርሙ፤ ክፍያው እዚያው ማታ ወይም በየቅዳሜው ይፈጸም።

ነጥቡን እርስዎ አይወስኑ። ሠራተኞቹ ተሰብስበው ይምረጡት፤ በየስድስት ወሩም ይከለስ። ጎበዝ አስተናጋጆች «ለሌላው ሠራንለት» ብለው ካኮረፉ፣ ከእያንዳንዱ ሰው ቲፕ 30 በመቶው ለራሱ ቀርቶ 70 በመቶው ወደ ሣጥን የሚገባበትን መንገድ መሞከር ይቻላል።

ባለቤትና ሱፐርቫይዘር ከዚህ ሣጥን አንድ ብር አይወስዱም። የካሸር ጉድለት ከቲፕ ሣጥን አይሸፈንም፤ ለአንድ ቀን እንኳ ቢሆን። ያን ቀን ሣጥኑ የሠራተኛው መሆኑ ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ቲፑ ወደ ኪስ ይገባል፣ ቁጥጥር ይጨምራል፣ ፍተሻ ይጀመራል።

ሽፍት፣ በዓልና ፆም

የሳምንቱ ፕሮግራም ሐሙስ ከሰዓት ይለጠፍ፤ የሚጀምረውም ከሚቀጥለው ሰኞ ነው። ከተለጠፈ በኋላ የሚቀየረው ሁለቱ ሠራተኞች ተስማምተው ሱፐርቫይዘሩ ሲፈርምበት ብቻ ይሁን። ማታ ዘግቶ የወጣን ሰው በማግሥቱ ጠዋት እንዲከፍት አይመድቡ፤ በመካከል ቢያንስ 11 ሰዓት ይኑረው። የሳምንት ዕረፍቱ ያልተቆራረጠ 24 ሰዓት ነው፤ «ኦፍህ ላይ ለሁለት ሰዓት ብቅ በል» ማለት ቀኑን በሙሉ መውሰድ ነው።

ሽፍት ሲመድቡ የመኖሪያ ሰፈርን ይዩ። ቦሌ የሚሠራ ሰው ቤቱ ኮዬ ፈጬ ወይም ለገጣፎ ከሆነ፣ ምሽት 4 ሰዓት ላይ ሲወጣ ታክሲ ማግኘት ለእሱ ሁለተኛ ሥራ ነው። ሴት ሠራተኞች በጨለማ መንገድ ላይ ሲቆሙ ስጋቱ የባሰ ነው። ቅርብ ያሉትን ማታ፣ ሩቅ ያሉትን ጠዋት መመደብ ምንም ወጪ የለውም። ያ ካልተቻለ ማታ የሚወጡትን በአንድ መኪና በየአቅጣጫው ማድረስ ነው፤ ወጪውን አዲስ ሰው ፈልጎ ለማሠልጠን ከሚወጣው ጋር ያስተያዩት።

በዓል ላይ ሁሉም ሰው ቤቱ መሆን ይፈልጋል፤ ካፌው ደግሞ ክፍት ነው። በመስከረም መጀመሪያ የዓመቱን በዓላት በአንድ ወረቀት ይዘርዝሩ፦ መስቀል፣ ገና፣ ጥምቀት፣ ፋሲካ፣ ኢድ አልፈጥር፣ አረፋ፣ መውሊድ፣ ሌሎቹም። እያንዳንዱ ሰው ከሁሉ በላይ የሚፈልጋቸውን ሁለት ይምረጥ። ሙስሊሞቹ ፋሲካን፣ ክርስቲያኖቹ ኢድን ሲሸፍኑ ግማሹ ጣጣ በራሱ ይፈታል። የቀረውን በዕጣ ያድርጉት፤ ዘንድሮ በፋሲካ የሠራ በሚቀጥለው ዓመት ዕጣ ውስጥ አይገባም።

በረመዳን ለሚፆሙ ሠራተኞች የማፍጠሪያ ሰዓት ላይ 30 ደቂቃ ያለ ጥያቄ ይለቀቅ፤ በዚያ ሰዓት ማን እንደሚተካቸው ከፕሮግራሙ ላይ ይጻፍ። የሠራተኛ ምግብም ረቡዕና ዓርብ እንዲሁም በዐቢይ ፆም የፆም መሆን አለበት። የሥጋ ምግብ የሚሸጥ ቤት በዐቢይ ፆም 55 ቀን ሥራ ይቀዘቅዝበታል። ብዙዎች ይህን ጊዜ ሠራተኛ ለመቀነስ ያውሉታል፤ ከዚያ በፋሲካ ማግሥት ሰው ያጣሉ። ይልቁን የዓመት ፈቃድን ወደዚህ ወቅት ያምጡት፤ ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት 16 የሥራ ቀን ነው፤ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። ሥልጠናም የሚሰጠው በዚህ ጊዜ ነው።

ስለ ሠራተኛ ምግብ አንድ ነገር፦ ከምሳ ግርግር በፊት፣ ተቀምጠው፣ ለ30 ደቂቃ ይብሉ። የደንበኛ ትራፊ ወይም ከትናንት ያደረ ወጥ ማቅረብ ሠራተኛውን ምን ያህል እንደሚንቁት ከመናገር አይለይም።

የመጀመሪያዎቹ 60 የሥራ ቀናት

የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። ይህን ጊዜ ብዙ ቤት «እንየው» ብሎ ያሳልፈዋል፤ አዲሱም ሰው ዕቃ ማጠቢያው ጋ ተረስቶ ይቀራል። በምትኩ ከመጀመሪያው ቀን አንድ አስተማሪ ሠራተኛ ይመደብለት፤ ለአስተማሪውም ለዚያ ወር ትንሽ ጭማሪ ይከፈለው፤ አለዚያ አዲሱን እንደ ሸክም ያየዋል። በ7ኛው፣ በ30ኛውና በ45ኛው የሥራ ቀን አሥር አሥር ደቂቃ ተቀምጠው የቻለውንና የቀረውን ይንገሩት። በ60ኛው ቀን ቋሚ መሆኑን በደብዳቤ ይስጡት። ደብዳቤውን ለቤተሰቡ የሚያሳይ ሰው ብዙ ነው።

እድገት በትንሽ ቤት

ሱፐርቫይዘር የሚሆነው አንድ ሰው ነው፤ ሃያው ሰው እድገት የለውም ማለት ግን አይደለም። የሙያ ደረጃ ይሥሩ። ለባሪስታ ለምሳሌ፦ ደረጃ 1 ማሽን ማጽዳት፣ መፍጫ ማስተካከል፣ 18 ግራም ቡና ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ባለው ጊዜ 36 ግራም ገደማ አድርጎ ማውጣት። ደረጃ 2 ወተት ሳያቃጥል ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ማሞቅ፣ ማኪያቶና ካፑቺኖን በየልኩ መሥራት፣ በግርግር ሰዓት አራት ትእዛዝ አንድ ላይ መያዝ። ደረጃ 3 የቡናና የወተት ክምችት መቆጣጠር፣ የማሽን ብልሽት መለየት፣ ሌላ ሰው ማሠልጠን። እያንዳንዱ ደረጃ ከ5 እስከ 8 በመቶ የደሞዝ ጭማሪ ይኑረው። ፈተናው ተጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ዝግጁ ነኝ ያለ ይጠይቅ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይፈተን። ለወጥ ቤት፣ ለአስተናጋጅና ለዕቃ አጣቢም እንዲሁ። ዕቃ አጣቢዋ በሳምንት አራት ሰዓት ወጥ ቤት ገብታ ሽንኩርት አከታተፍና ቁሌት ብትማር፣ ወጥ ሠሪው ሲታመም እርስዎ ደጅ ለደጅ ሰው አይፈልጉም። የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ምዘና ለመውሰድ ለሚፈልግም የምዘናውን ክፍያ ይሸፍኑ።

«ካሠለጠንኩት ይሄድብኛል» የሚለው ፍርሃት የተለመደ ነው። አንዳንዱ ይሄዳል። ያልሠለጠነውም ይሄዳል፤ ልዩነቱ ያልሠለጠነው እስኪሄድ ድረስ ደንበኛ የሚያባርር መሆኑ ነው።

ማነጋገር

በወር አንድ ጊዜ ከእያንዳንዱ ሠራተኛ ጋር 15 ደቂቃ ይቀመጡ። 20 ሠራተኛ ካለዎት በወር 5 ሰዓት ነው። «ችግር አለ?» ብለው ከጠየቁ መልሱ «ምንም የለም፣ ደህና ነው» ይሆናል፤ ይሉኝታው አያናግረውም። የሚያናግሩ ጥያቄዎች ነገር ላይ ያተኩራሉ፦ ባለፈው ሳምንት ሥራሽን ያዘገየብሽ ዕቃ የትኛው ነው? ደንበኛ ደጋግሞ የሚያማርረው ስለ ምንድን ነው? ነገ አንድ ነገር መቀየር ብትችይ ምን ትቀይሪ ነበር? ከተነገረዎት ውስጥ አንዱን በሰባት ቀን ውስጥ ይፈጽሙ፤ ትንሽም ቢሆን፣ የሚያዳልጥ ወለል፣ የማይዘጋ ሎከር፣ ያለቀ ጓንት። ሰምተው ምንም ካላደረጉ የሚቀጥለው ወር መልስ «ምንም የለም» ነው፤ ከዚያም ለረጅም ጊዜ አይከፈትም።

ሲያመሰግኑ የተደረገውን ነገር ይጥቀሱ። «ጎበዝ ነሽ» ያልፋል፤ «ትናንት ያ ትእዛዝ የተሳሳተበትን ሰው ሳይናደድ የሸኘሽበት መንገድ ጥሩ ነበር» ይቀራል። ሲቆጡ ግን ደንበኛ ፊት በጭራሽ አይሁን፤ ከሽፍት በኋላ፣ ለብቻ፣ ያለ ጩኸት። በዕድሜ የገፉትን እንጀራ ጋጋሪ በአክብሮት፣ ወጣቱንም በስሙ ይጥሩ፤ እጅ አጨብጭቦ መጥራትን ደንበኛም ቢሆን እንዳያደርገው ይከልክሉ።

የወሩ ምርጥ ሠራተኛ ፎቶ ብዙ ቤት ይሰቀላል፤ ብዙ ቤትም ይከሽፋል። ወይ አንድ ሰው ብቻ ይደጋገማል፣ ወይ በተራ ይዞርና ትርጉሙ ይጠፋል፤ ጓዳ ያለችው ዕቃ አጣቢ ደግሞ አትታይም። ሽልማት ከሰጡ ለሽፍት ይስጡ፦ ወሩን ሙሉ የምግብ መውጫ ጊዜውን ከ20 ደቂቃ በታች ለጠበቀው ሽፍት በሙሉ።

ለቅሶ፣ እቁብ፣ ብድር

የትዳር ጓደኛ ወይም የቅርብ ዘመድ ሲሞት ሠራተኛው ሦስት የሥራ ቀን ከደሞዝ ጋር ፈቃድ አለው። ባለቤቱ ለቅሶ መድረሱ ግን በሕግ የተጻፈ አይደለም፤ ሠራተኛው ዕድሜ ልኩን ያስታውሰዋል። ሠራተኞቹ እቁብ ከጀመሩ የእርስዎ ድርሻ የደሞዙን ቀን መጠበቅ ነው፤ ዳኛውን እነሱ ይምረጡ።

ለቅድመ ክፍያ ደንብ ይኑር፦ ከወር ደሞዝ ሲሶ ያልበለጠ፣ በሦስት ወር አንድ ጊዜ፣ በሁለት ደሞዝ የሚመለስ። ለአንዱ ፈቅዶ ለሌላው መከልከል ካለ ምክንያቱ ከደንቡ ላይ መነበብ መቻል አለበት። ያለ ደንብ የሚሰጥ ብድር ቸርነት ቢመስልም ለተከለከለው ሰው አድልዎ ነው።

የሚሄደውን ሲሸኙ

ጥሩ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ሲለቅ የቀሩት ሁሉ እንዴት እንደሚሸኝ ያያሉ። ቀሪ ክፍያውን በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ ይክፈሉ፤ ያልተጠቀመበትን የዓመት ፈቃድ ወደ ገንዘብ ይለውጡለት። የሥራ ልምድ ወረቀቱን «ነገ ና» እያሉ አያመላልሱት፤ የሥራው ዓይነት፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ደሞዙ፣ ፊርማና ማኅተም፣ አንድ ገጽ ናት። በደረጃ ፈተና ያለፈበትን ሙያ ጨምረው ይጻፉበት። በመጨረሻው ቀን ለምን እንደሄደ ይጠይቁት፤ የሚሄድ ሰው ከሚቀረው ይበልጥ ደፍሮ ይናገራል። መልሱን በዚያው የለቀቁትን በመዘገቡበት ደብተር ላይ ይጻፉ። ተመልሶ መምጣት ቢፈልግ በየትኛው ደረጃና ደሞዝ እንደሚቀበሉትም ሳይወጣ ይንገሩት።